የዞልባ መሐላ

ቲጃኒ በሃምሳ ስድስት ዓመት ዕድሜው ክፉ ሰው የሆነው ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ፊቱን አመድ ተቀብቶ፣ ራሱ በሠራው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ካሜራ ፊት። ከዚያ በፊት ጥፋት አያውቅም ማለት አይደለም። እንደ ብዙ አናጺ ቀጠሮ ያሳልፋል፣ ሲናደድ መዶሻ ይወረውራል፣ ሚስቱ አፊፋ እንደምትለው ደግሞ ቂም ሲይዝ ግመል ነው። ቃሉን ግን አጥፎ አያውቅም። በሚኖርባት፣ የጅማ ከተማ ሰፈር በሆነችው በአወቱ መንደራም ሆነ ተወልዶ ባደገባት በገጠሯ የቡ «ቲጃኒ ነው ያለው» ከተባለ ሌላ ምስክር የሚጠይቅ አልነበረም።

ጣጣው የመጣው በወንበሩ በኩል ነው። ከአዲስ አበባ የመጡ የቴሌቪዥን ሰዎች «ሺህ ዓመት ወዲያ» ከሚባለው ተከታታይ ድራማቸው አንዱን ክፍል የቡ አጠገብ፣ ቡና ውስጥ ሊቀርጹ ፈለጉ። በታሪኩ ውስጥ ዞልባ የሚባል ኮከቡ የደረቀበት ገዢ በመንኮራኩር ይመጣና ከቡናው ጥላ ሥር ማረፊያ ይለምናል። የዛፎቹ አባት የሚባሉ ሽማግሌ ድንበሩን አሳይተው እስከዚያ ድረስ ይፈቅዱለታል። ዞልባ ድንበሩን ላያልፍ ይምላል። ከማለ በኋላ ግን በየሌሊቱ የብርሃን አጥሩን አንዳንድ እርምጃ እየገፋ ጫካውን ሊውጠው ይነሣል። አዘጋጁ ኖህ የሚባል ቀጭን፣ ትሑት ወጣት ነበር። ለዞልባ ዙፋን የሚሆን፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ባለ ሦስት እግር ትልቅ የጅማ በርጩማ ከቲጃኒ ዘንድ አዘዘ። ቲጃኒም ግቢው ውስጥ ዓመት ሙሉ ተጋድሞ ከከረመ የዋንዛ ግንድ ፈልፍሎ አወጣለት። ግንዱን ያገኘው ከየቡው ሐጂ አብዱልሃዲ ነበር፤ ሐጂ ከቡናቸው ላይ ከጥላ ዛፎቹ አንዱን ለጣውላ ብለው በጣሉበት ዓመት።

ዞልባን ሊሆን የነበረው ተዋናይ በቀረጻው ዋዜማ ታመመ። ኖህ ወንበሩን ሊያደርስ የመጣውን ቲጃኒን ቀና ብሎ አየው፤ ቁመቱን፣ በልጅነቱ የተሰነጠቀ ቅንድቡን፣ ከሆዱ የሚወጣ ድምፁን። ለሁለት ቀን ብቻ፣ አባቴ፣ እያለ ለመነው። ቲጃኒ እምቢ አለ። አፊፋ በስልክ ስትሰማ ሳቀች። ሠላሳ ዓመት ቤት ውስጥ ስትለማመደው የኖርከው ሥራ ነው፣ ምን ያግደረድርሃል አለችው። በመጨረሻ በአንድ ነገር ተስማማ፤ በአላህ ስም አልምልም አለ። ጨዋታም ቢሆን መሐላ መሐላ ነው አለ። ኖህም ሳይከራከር ዞልባ የሚምለው በሰባቱ ፀሐዮች እንዲሆን አደረገ። የዛፎቹን አባት እንዲጫወቱ የተመረጡት ሐጂ አብዱልሃዲ ራሳቸው ነበሩ። ጢማቸው ጥጥ የመሰለ፣ አነጋገራቸው የረጋ፣ ለካሜራ የተፈጠሩ ሰው ናቸው። የቲጃኒን ቃል ሲሰሙ ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ እንዲህ ያለ ሰው አይጥፋ ብለው መረቁት።

የተቀረጸበት ቦታ የሐጂና የሳቢሃ ቡና የሚዋሰኑበት ነው። ሳቢሃ የሀምዳን ሚስት ነበረች። ሀምዳን የቲጃኒ አብሮ አደግ ነው፤ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ሀምዳንና ቲጃኒ፣ የሐጂ አባት በተገኙበት፣ ከጥቁሩ ድንጋይ እስከ ትልቁ ዋንዛ ድረስ ሳርጤ ተከሉ። ሳርጤ በዚያ አገር ድንበር የሚለይ ተክል ነው። ቅጠሉ ሰፊ ነው፣ ቆርጠው ቢሰኩት ይበቅላል፣ ከብት አይበላውም፣ ሰውም ምን እንደሆነ ስለሚያውቅ አይነካውም። የአዲስ አበባዎቹ ግን አያውቁም። ቅጠሉ ላይ ፀሐይ ሲያርፍ አይተው ወደዱት፤ ለመንኮራኩሩ የውስጥ አትክልት ይሆናል ብለው በሁለተኛው ቀን ረድፉን ከነሥሩ ነቅለው፣ በቀለም ቆርቆሮ ተክለው ወሰዱት። ቲጃኒ በዚያ ሰዓት ፊቱን አመድ እየተቀባ ነበር። ሳቢሃ ልጇ ወልዳ ልታርሳት አጋሮ ሄዳለች። ሐጂ ግን ቆመው ያዩ ነበር። ከሳምንት በኋላ መኪናው ቆርቆሮዎቹን ሲመልስ ኖህ ደውሎ አደራ አላቸው፤ ሐጂም ቶሌ፣ እሺ፣ እንደነበረ አስተክለዋለሁ አሉት።

ሳቢሃ ከአጋሮ ስትመለስ ሳርጤው ተተክሎ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ቆሞ አገኘችው፤ ዐሥራ አንድ እርምጃ ወደ እሷ ገብቶ። በመካከሉ የቀሩት ባሏ በሞተ በዓመቱ፣ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በገዛ እጇ የጎነደለቻቸው የቡና ዛፎች ናቸው። የተጎነደለ ቡና ከጉቶው አቆጥቁጦ እስኪያፈራ ይጠበቃል፤ እሷም ሌላው ሲለቅም እያየች ጠብቃ፣ ዘንድሮ ገና ቀይ ፍሬ ልታይባቸው ነበር።

ሐጂ ዘንድ ሄደች። ሐጂ አክብረው አስቀመጧት። ሳርጤው ድሮ በነበረበት ነው የተተከለው፣ አንቺ በሐዘን ላይ ስለነበርሽ አላስተዋልሽ ይሆናል አሏት። ቀበሌ ሄደች። የመሬት ደብተሯ በምሥራቅ ከሐጂ አብዱልሃዲ ትዋሰናለች ይላል እንጂ እርምጃ አይቆጥርም። የሽማግሌ ቃል ይዘሽ ነይ አሏት። ሀምዳን የለም፤ የሐጂ አባትም የሉም። ድንበሩ ሲተከል ከነበሩት በሕይወት ያለው ቲጃኒ ብቻ ነው።

ወደ ጅማ የመጣችው ሐሙስ ቀን ነበር፤ ድራማው በቴሌቪዥን በታየ በአራተኛው ቀን። ቲጃኒ የመጣችበትን ሰምቶ ሳያስጨርሳት እሺ አለ። ምን ያስጨንቅሻል፣ ገና እጄን ቁርኣኑ ላይ ሳሳርፍ ያልቃል አላት። ሳቢሃ ወደ መሬት አየች፤ ስለ ድራማው የሚወራውን ልትነግረው ፈልጋ ተወችው።

እሱም ቢሆን እነዚያን አራት ቀናት ደኅና አልሰነበተም። ሰኞ ጠዋት ባጃጅ ሲያስቆም ሾፌሩ መስተዋቱን አስተካክሎ አየውና፣ «ጌታ ዞልባ፣ መንኮራኩሩ ጎማ ፈነዳ እንዴ?» አለው። ቲጃኒ ሳቀ። ማክሰኞ ደግሞ መስጊድ በር ላይ አንድ የሚያውቀው ሻጭ ጫማውን ከፍ አድርጎ፣ «ኧረ ከዚህ ሰውዬ ድንበር ዘወር አድርጉልኝ» አለ። በዚህም ሳቀ። ረቡዕ ቤተል ደወለች። ቤተል ከሆሳዕና የመጣች፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ባለ የቤተ ክርስቲያን መዋዕለ ሕፃናት የምታስተምር ልጅ ናት፤ ለሕፃናቱ ትንንሽ በርጩማዎች አዛው ነበር። በጣም እየተጨነቀች፣ ይቅርታ አድርግልኝ ጋሽ ቲጃኒ፣ በርጩማዎቹን ሌላ ሰው ቢያመጣቸው ይሻል ነበር፣ ሕፃናቱ ስምህን ስጠራ ያለቅሳሉ አለችው። በዚህኛው ግን አልሳቀም። በርጩማዎቹን አንድ በአንድ በሰም ያሸው በገዛ እጁ ነበር።

ሐጂ በበኩላቸው እንደ ወሊይ፣ እንደ ቅዱስ ሰው ሆነዋል ይባላል። ሻይ ቤቱ ፎቷቸውን ሰቅሏል። አንድ ትምህርት ቤት የችግኝ ቀን አክብሮ ልጆቹን እንዲመርቁለት ጠርቷቸዋል፤ ስለ ዛፍ አደራነት ሲናገሩ አስተማሪዎቹ አልቅሰዋል አሉ። ቲጃኒ ይህን ሲሰማ ግቢው ውስጥ የተረፈውን የዋንዛ ፍልፋይ አየት አድርጎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚያ ዛፍ ላይ የዞልባን ዙፋን የፈለፈለ እሱ ነው፤ ዛፉን የጣሉት ግን የዛፎቹ አባት ናቸው።

ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ እዚያው ድንበሩ ላይ ተቀመጡ። ሦስት ናቸው፤ ሰብሳቢያቸው ሼህ ሙርሺድ ሰማንያ የተጠጉ፣ ፍርዳቸው የተከበረ ሰው ናቸው። በአካባቢው ደንብ የድንበር ምስክር ቁርኣን ላይ ይምላል፣ ከዚያ ድንበሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግሩ ረግጦ ያሳያል። ቲጃኒ ታጥቦ፣ ውዱእ አድርጎ፣ ነጭ ልብሱን ለብሶ ቀርቧል። ጎረቤቱም ከቡናው ዳርና ዳር ቆሟል። ቁርኣኑ ገና ከጨርቁ ሳይወጣ ሐጂ አብዱልሃዲ ፈቃድ ጠየቁ።

«ቲጃኒ ወንድሜ ነው፤ ክፉ አልናገርበትም» አሉ፤ ድምፃቸው በቴሌቪዥን እንደነበረው የረጋ። «ግን እዚህችው ቦታ ላይ፣ እኔ ቆሜ፣ ያ አዲስ አበቤ ልጅ ማል ሲለው ‹ጨዋታም ቢሆን መሐላ መሐላ ነው› አለ። ውሸት ከሆነ አላልኩም ይበል። ከዚያ በኋላ ማለ። እጁን ሰቅሎ፣ ድንበር አላልፍም ብሎ ማለ። ሲያልፍም አየነው፤ አገር አየው። ዛሬ ደግሞ ስለ ድንበር ሊምል መጥቷል። እንግዲህ እናንተ ዕወቁበት።»

ከቆሙት አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ሳቁ።

ቲጃኒም መጀመሪያ ሳቀ። ሰው የሚስቀው በሐጂ መስሎት ነበር። ሼህ ሙርሺድ ተቆጥተው ሐጂን ያስቀምጧቸዋል ብሎ ጠበቀ። ሼሁ ግን በዘንጋቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉና ወደ ሌሎቹ ሽማግሌዎች ዘንበል ብለው ተነጋገሩ። ነገሩ ለዛሬ ይቆይ፣ ሳቢሃም ሌላ ምስክር ካላት ትፈልግ አሉ። ቁርኣኑ እንደተጠቀለለ ተመለሰ። ሳቢሃ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በጥንቱ ድንበርና በአዲሱ ረድፍ መካከል ቆማ የቀረውን ቡናዋን ታይ ነበር።

ቲጃኒ ሼህ ሙርሺድን እስከ መኪናው መንገድ ተከተላቸው።

«ሼህ፣ እርስዎ ያ ነገር እውነት ይመስልዎታል?»

«አስተግፊሩላህ። እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ? ቴሌቪዥን መሆኑ ጠፍቶኝ ነው?»

«ታዲያ?»

«ሰው ሲስቅ አላየህም? የተሳቀበት ምስክር ይዤ ብፈርድ ነገ በፍርዱም ይሳቃል። እኔ አውቃለሁ፤ እነሱም ያውቃሉ። ሰው ምን ይላል ነው፣ ልጄ።»

«ሰው ማለት እናንተው አይደላችሁም እንዴ?»

ሼሁ ሳል መጣባቸው፤ ሲያበቁ ሌላ ምስክር ፈልጉ ብለው ደገሙ።

«ከመቃብር ላውጣ?» አለ ቲጃኒ። እሳቸው ግን ሄደዋል።

ወደ ጅማ ሲመለስ መኪና ውስጥ ነገሩን ሲያመላልስ መጣ። ድራማውን እውነት ነው ብለው ቢያምኑት ይሻል ነበር። አንድ የገጠር ሰው ከኮከብ የመጣ ዞልባ አለ ብሎ ቢፈራው ይገባል፤ ባለማወቅ ነው፣ ይስቁለታል፣ ያስረዱታል። እነዚህ ግን ያውቃሉ። ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቁታል። የጋብቻቸው ዕለት የተቀመጡበትን በርጩማ የሠራላቸው እሱ ነው። ሁሉም የሚያውቁትን ይዘው፣ ሁሉም የማያውቅ ሰው አለ ብለው ፈርተው፣ የሌለውን ሰው ሊያስደስቱ የአንዲት ሴት ቡና ሲወሰድ ዝም አሉ። ሐጂስ? ያ ቀጭን ልጅ ዞልባ አጥሩን እንዴት እየገፋ ጫካውን እንደሚወስድ ሁለት ቀን ሙሉ ቁጭ ብሎ ሲያስረዳ፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ጭንቅላታቸውን የሚነቀንቁት ሐጂ ነበሩ። ቲጃኒ ያን ጊዜ ታሪኩ ገብቷቸው መስሎት ነበር። ለካ ገብቷቸዋል። ትምህርቱን የወሰዱት እሳቸው፣ አመዱን የተቀባው እሱ።

ሰኞ ለምሳ ቤት ሲገባ አፊፋ ያንኑ ድራማ በስልኳ ታያለች። ከታየ ጀምሮ አልተወችውም፤ ባሏ አመድ ተቀብቶ ሲቆጣ ማየት ደስ ይላታል። ሌላ ቀን ቢሆን ያልፈው ነበር። አሁን ግን አጥፊው ብሎ ጮኸ።

«ዝም በል እስቲ» አለችው ሳታየው። «ዛሬ አንተን አይደለም የማየው፤ ዋንዛውን ነው። ና፣ መነጽርህን አድርግ።»

መነጽሩን አድርጎ አጠገቧ ተቀመጠ። ድራማው ውስጥ ያ ቦታ የምድር አይመስልም። ቅጠሉን በኮምፒውተር ወይን ጠጅ አድርገውታል፣ ሰማዩ ላይ ሁለት ጨረቃ ሰቅለዋል፤ የየቡ ሰው ሁሉ አይቶት የገዛ ቀዬውን ያላወቀው ለዚህ ነው። አፊፋ ግን የየቡ ልጅ ናት። ልጃገረድ ሳለች ከሳቢሃ ጋር ውሃ ሲወርዱ የሚያርፉት እዚያ ዋንዛ ሥር ነበር። በሰው ደረት ልክ ለሁለት የተከፈለ ግንዱን በወይን ጠጅም ቢቀቡት አትስተውም።

በስልኩ ላይ የዛፎቹ አባት ጥቁሩ ድንጋይ ላይ እጃቸውን አሳርፈዋል። ከድንጋዩ እስከ ዋንዛው ድረስ፣ ገና ያልተነቀለው ሳርጤ በወይን ጠጅ ቅጠሉ ተሰልፏል። ዞልባ አጠገባቸው ቆሟል።

«ከዚህች ድንጋይ እስከዚያ ዋንዛ» ይላሉ ሐጂ፣ «ይህ ሳርጤ የቆመበት ድንበር ነው። አባቴ ቆሞ ያስተከለው ነው። ከዚያ ወዲያ የእኔ አይደለም፤ የእኔ ያልሆነውን ልፈቅድልህ አልችልም።»

ቲጃኒ ትዝ አለው። ሐጂ የተጻፈላቸውን ቃል መያዝ አቅቷቸው ኖህ ደጋግሞ ሲያስጀምራቸው ከቆየ በኋላ፣ ይተዉት ሐጂ፣ እውነተኛውን ድንበር በራስዎ አነጋገር ያሳዩት ብሏቸው ነበር። እሳቸውም አሳዩ። ባልና ሚስቱ መልሰው ሦስት ጊዜ አዩት። ምሳው ቀዘቀዘ።

ለኖህ ደወለ። ኖህ ነገሩን ሲሰማ፣ አትክልት መስሎኝ ነው እኮ አባቴ፣ ዝም ብሎ አትክልት መስሎኝ ነው አለ። ያው ትዕይንት ገና ቀለም ሳይገባበት፣ ጨረቃም ሳይሰቀልበት የተቀረጸውን በዚያው ዕለት በቴሌግራም ላከለት። በዚህኛው ቅጠሉ አረንጓዴ ነው። ከበስተኋላ የሳቢሃ ጎንደላ ይታያል፤ ከሳርጤው በእሷ በኩል።

ሽማግሌዎቹን ዳግመኛ ለማስቀመጥ ሳቢሃ ሦስት ቀን ደጅ ጠናች። ሐሙስ ረፋድ ላይ እዚያው ተሰበሰቡ። ቲጃኒ ምንም ሳይል ስልኩን ለሼህ ሙርሺድ ሰጠ። ሼሁ ከዓይናቸው አራቁት፣ አቀረቡት፣ አዩ። ለሁለቱ ሽማግሌዎች አቀበሉ። ከስልኩ የሐጂ ድምፅ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ዳር የቆሙት ሁሉ ይሰሙታል።

ሐጂ ስልኩን በእጃቸው አልነኩትም። «ይኼ እኮ ጨዋታ ነው» አሉ። «ተናገር ተባልኩ፣ ተናገርኩ። በጨዋታ የተነገረ ቃል ከመቼ ወዲህ ነው ቃል የሆነው? እኔ የዛፎች አባት ነኝ? እሱስ ከኮከብ ነው የወረደው?»

«ይድገሙልኝ፣ ሐጂ» አለ ቲጃኒ።

«ምኑን?»

«በጨዋታ ስለተነገረ ቃል ያሉትን። ወዲያ ዳር ያሉት አልሰሙ ይሆናል።»

የሼህ ሙርሺድ ዘንግ መሬት መጫሯን አቆመች።

ቲጃኒ ሐጂን ትቶ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። በመኪና ውስጥ፣ በሥራው ላይ፣ አልጋው ውስጥ ቀን ሲቆጥር ቁጣ ቢያጠራቅምም ድምፁን አላነሣም። «እኔ የምለምነው ከሁለት አንዱን ነው፣ ሼህ። የጨዋታ ቃል ቃል ከሆነ ሐጂ በገዛ አፋቸው ድንበሩን አሳይተዋል፤ የእኔ ምስክርነት ይቅር፣ ወደ ቤቴ ልሂድ። የጨዋታ ቃል ቃል ካልሆነ የዞልባም መሐላ ጨዋታ ነበር፤ ቁርኣኑን ፍቱልኝ። የወደዳችሁትን ምረጡ። ሁለቱንም ግን ለእሳቸው አትስጧቸው።»

ማንም አልሳቀም። ቅዳሜ ዕለት መጀመሪያ የሳቀው ሰውዬ ዓይኑን ወደ ቡናው ቅርንጫፍ ወስዶ ነበር።

ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ሐጂ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሳቢሃም ልጃችን ናት፣ መሬቱ እኩል ቢካፈል ጉርብትናውም አይበላሽም አሉ። እስካሁን አንዲት ቃል ያልተናገረችው ሳቢሃ ቀና አለች።

«አባቴ፣ ሰው የጎረቤቱን ፍየል ቢወስድ ግማሿን ነው የሚመልሰው?»

ሼህ ሙርሺድ የቁርኣኑን ጨርቅ ራሳቸው ፈቱ።

ቲጃኒ ማለ። ከዚያ ጫማውን አውልቆ ከጥቁሩ ድንጋይ ተነሣ፤ በሐጂ ቡናና በሳቢሃ ጎንደላ መካከል፣ የተነቀለው ሳርጤ ጉድጓድ በአፈር የተደፈነበትን እየረገጠ፣ ዋንዛው ድረስ ሄዶ እጁን ግንዱ ላይ አሳረፈ። አንዳንዱ ጉድጓድ በእግሩ ሥር ሲሰምጥ ሁሉም አዩት። እስከ ዛሬ ጎንበስ ብሎ አፈሩን የፈተሸ ሰው አልነበረም። ሼህ ሙርሺድ ድንበሩ ይኸው ነው፣ ሳርጤው ዛሬውኑ ወደ ቦታው ይመለስ ብለው ፈረዱ።

የሐጂ ሠራተኞች መቆፈሪያ ይዘው መጡ። ሽማግሌዎቹ ግን አልተነሡም፤ የሚቀር ነገር ነበራቸው። ሼህ ሙርሺድ ሐጂንና ቲጃኒን አጠገብ ለአጠገብ አቆሟቸው። ሸይጣን በመካከል ገብቶ ነው፣ አውፍ፣ ይቅር ተባባሉ፣ ተቃቀፉ አሉ። ሐጂ ወዲያው እጃቸውን ዘረጉ። በቴሌቪዥን መጨረሻው ላይ ተሸንፎ ለወደቀው ዞልባ የዘረጉት ልክ እንዲሁ ነበር፤ ጢማቸውም እንዲሁ ያበራ ነበር።

ቲጃኒ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። «መሬቱ የሳቢሃ ነው፤ አውፍ የምትለውም እሷ ናት» አለ። «ከእኔ የተወሰደው ሌላ ነው። እሱን ሐጂ በሰው ፊት እንደወሰዱት በሰው ፊት ይመልሱልኝ። ሰው ሁሉ ባለበት፣ በገበያ ቀን፣ ‹ቲጃኒ እውነተኛ ሰው ነው፣ ያንን ያልኩት ቡናውን ፈልጌ ነው› ይበሉ። የዚያን ዕለት እኔው መጥቼ አቅፋቸዋለሁ።»

ይኼ በዛ አሉ ሽማግሌዎቹ። ሐጂ ያክል ሰው በገበያ መካከል እንዴት ይዋረዳል? ሰው እጁን ሲዘረጋለት የማይቀበል ምን ዓይነት ልብ ነው? ሼህ ሙርሺድ ለስለስ ብለው፣ ክፉ አትሁን ልጄ አሉት። ከበስተኋላ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የዞልባን ክፋት መች ከሰው ተበደረው አለ። ቲጃኒ ሰማው። እነሆ ምሎ፣ ረግጦ፣ ጉድጓዱን ሁሉ በባዶ እግሩ አሳይቶ፣ አሁንም ክፉው እሱ ነው፤ ሐጂ ግን ገና እጃቸውን እንደዘረጉ ቆመዋል።

ፊቱን ሲያዞር ሠራተኞቹን አየ። የመጀመሪያዎቹን አራት ሳርጤዎች ተክለዋል፤ በግምት። ረድፉ ገና ከድንጋዩ ሳይርቅ እንደ እባብ ተጣሟል፣ በዚህ አያያዝ ዋንዛው ጋ ሲደርስ ሁለት እርምጃ ይስታል። ወደ ማን በኩል እንደሚስትም ይታያል። ሳቢሃም አይታው ነበር፤ ለመናገር ግን የደከማት ትመስላለች።

ቲጃኒ ከሥራ ካፖርቱ ኪስ ሲባጎ አወጣ። ጫፉን ድንጋዩ ሥር በችካል ቸከለ። ጥቅሉን እየፈታ መጥቶ፣ ሌላውን ጫፍ በተዘረጋው በሐጂ መዳፍ ላይ አኖረው።

«ዋንዛው ጋ ሄደው ይያዙልኝ፣ ሐጂ።»

ሐጂ ሲባጎውን አዩ፣ ሽማግሌዎቹን አዩ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሼህ ሙርሺድ በዘንጋቸው ወደ ዋንዛው አመለከቱ። ሐጂ አብዱልሃዲ ሄዱ። ጎረቤቱ ሁሉ መንገድ ለቀቀላቸው። ዛፉ ሥር ደርሰው ሲባጎውን ግንዱ ላይ ያዙት።

ቲጃኒ ተንበረከከ። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሲባጎው ላይ አየ። የተከሉትን አራቱን ነቅሎ ወደ ጎን አስቀመጠ።

«ላልቷል» አለ፣ ቀና ሳይል። «ወጠር ያድርጉት።»

ሐጂ ወጠር አደረጉት።